የመጨረሻውን ወታደር ለምን አልበላሁትም

እናንተዬ፣ ዛሬ ጠዋት ስልኬን ባጃጅ ሄዶበት ቢሆን ኖሮ ይሄ ሁሉ ጉድ አይደርስብኝም ነበር።

የምሬን ነው!

ሱቄን በጠራራ ፀሐይ ዘግቼ፣ በትራክተር ፊልትሮና በቺንጋ መሃል ቁጭ ብዬ ነው የምጽፍላችሁ። ደንበኛ ሁለት ጊዜ አንኳኳ። አልከፈትኩም። በሰሊጥ ሰሞን ደንበኛ እያንኳኳ የማይከፍት የመለዋወጫ ነጋዴ አይታችሁ ታውቃላችሁ?

መሳቅ ከፈለጋችሁ ሳቁ። ብቻ ስታበቁ ምክር እፈልጋለሁ።

መቼም እንደምታውቁት (ባታውቁም አሁን እወቁ) እኔ ቼዝ እደርሳለሁ። እጫወታለሁ አላልኩም። እደርሳለሁ! ሰሌዳው ላይ አራት አምስት ጠጠር ብቻ ታስቀምጡና "ነጭ ይጀምራል፣ ያሸንፋል" ብላችሁ ትጽፋላችሁ። ፈቺው መንገዱን ይፈልጋል። ጥበቡ ያለው መንገዱ አንድና አንድ ብቻ መሆኑ ላይ ነው። ሌላ ሰው ሁለተኛ መንገድ ካገኘበት ድርሰቱ ሞተ። ድንኳን ትከሉ።

በዚህ በሽታ የተያዝን ሃያ ምናምን ሰዎች ስልክ ላይ አንድ ግሩፕ አለን። በዓመት ሁለት ጊዜ እንወዳደራለን፤ ዳኝነቱ በተራ ነው። ባለፈው ዙር ዳኛው እኔ ነበርኩ።

አይ ዳኝነት!

ሰብለ የምትባል የሳንጃ የሒሳብ መምህርት የላከችው ድርሰት ላይ ሁለተኛ መንገድ አገኘሁበት። "ሁለተኛ መንገድ አለው፣ በርቺ" ብዬ ባልፍ ምን ነበረበት? እኔ ግን "ይህ ድርሰት ፈቺ ሳይሆን ገናዥ ነው የሚያስፈልገው" ብዬ ለሁሉም ለጠፍኩት። ላይኩ ዘነበልኝ። ሰብለ "አመሰግናለሁ፣ ተምሬበታለሁ" ብቻ አለች።

የዚህ ዙር ዳኛ ማን እንደሆነች ገምቱ እስቲ።

አዎ።

ስራዬን ከላክሁ በኋላ ሦስት ሳምንት ሙሉ ምግብ አልጣመኝም። ሰው ኩሽኔታ ሲጠይቀኝ ፊልትሮ እያወረድኩ ሰጠሁት። ያችን ገናዥ የምትል ቃል ላጠፋት ብዬ ወደኋላ ስፈልግ ሰው ስክሪንሾት አድርጎ መልሶ ለጥፏታል። ብድሯን ብትመልስስ? ብትመልስ ይፈረድባታል?

ደግሞ የላክሁት ስራ ቀላል ስራ አይደለም። ስምንት ወር ነው የፈጀብኝ። የዕቃ ማዘዣ ደብተሬ ጀርባ በሙሉ ሰሌዳ ተስሎበታል። ስሙም "ምሕረት" ነው። ከሥሩ "ለአያ ማሩ" ብዬ ጽፌበታለሁ።

አያ ማሩን እዚህ ላይ ላስተዋውቃችሁ።

ጡረታ የወጡ የትራክተር ሹፌር ናቸው። በወጣትነታቸው ድንበር ተሻግረው ገዳሪፍ የእርሻ ካምፕ ውስጥ ሠርተዋል፤ ቼዝንም ከዚያው ይዘውት መጡ። መተማ ዮሐንስ ላይ ፈረስ ወዴት እንደሚዘል የሚያውቅ ሰው ካገኛችሁ፣ ወይ እሳቸው ናቸው ያስተማሩት ወይ የሳቸው ተማሪ ነው። እኔን አባቴ በሞተ ዓመት ሰሌዳ ፊት አስቀመጡኝ። አይዞህ አላሉኝም። "በል ጀምር፣ ነጩ ያንተ ነው" ነው ያሉኝ። ያን ዓመት ያለፍኩት በዚያ ሰሌዳ ነው፤ ይሄን ለማንም ተናግሬው አላውቅም፣ ለሳቸውም ጭምር።

ለዚህ ነው ድርሰቱን ለሳቸው ያደረግሁት።

አሁን "ምሕረት"ን ላስረዳችሁ። ነጭ ንጉሥና ግንብ አለው። ጥቁር ንጉሥና አንድ ወታደር ብቻ ነው የቀረው። ነጭ ገና በመጀመሪያው እርምጃ ያንን ወታደር ሊበላው ይችላል። እጁ ላይ ነው!

አይበላውም!

ለምን ካላችሁ፣ ከበላው ጥቁር ባዶ ንጉሥ ይዞ ይቀራል፤ ባዶ ንጉሥ ሲቀር ደግሞ ቆጠራ ይጀመራል። ነጭ በሰባት እርምጃ ውስጥ ካልገደለው ጨዋታው አቻ ይወጣል። ቼዝ የምንጫወትበት ሻይ ቤት ውስጥ ይሄ ሰዓት ሲደርስ የተቀመጠው ሁሉ ይነሣና በገዳሪፍ ዓረብኛ "ዋሂድ፣ ኢትኔን፣ ተላታ" እያለ አብሮ ይቆጥራል። ስንት ሰው ንግሥት ይዞ በጭንቀት ሰባተኛዋ "ሰብዓ" ላይ ደርሶ አቻ ወጥቷል!

ስለዚህ የኔ ነጭ ወታደሩን ይምረዋል። ወታደሩ እያስፈራራ ይወርዳል፣ ነጭ ዝም ብሎ ያልፈዋል። በዐሥራ አንደኛው እርምጃ ንጉሡ ጥግ ላይ ቼክሜት ይሆናል፤ ወታደሩ ከነሕይወቱ ቆሞ ያያል። ይሄን ባገኘሁ ቀን አልቅሻለሁ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መናዘዝ አለብኝ። ስልኬ ላይ ያለው የቼዝ አፕ በየቀኑ "ወታደሩን ብላው" ይለኝ ነበር። በየቀኑ! እኔም በየቀኑ "ማሽን ስለ ጥበብ ምን ያውቃል" እያልኩ እዘጋው ነበር።

ዛሬ ውጤቱ በግሩፑ ቮይስ ቻት ይነገራል ተባለ። ለአያ ማሩ ነገርኳቸው። ድርሰቱ ለሳቸው መሆኑንም ያን ጊዜ ነው የነገርኳቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ጠርገው መልሰው አደረጉት።

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ሻይ ቤት ስደርስ ቀድመውኝ ተቀምጠዋል።

ኮት ለብሰው!

በመተማ ሙቀት፣ በስምንት ሰዓት፣ ኮት! ለልጃቸው ሠርግ ያሰፉት ኮት ነው። ላባቸው በጆሯቸው ሥር ይወርዳል። ሻይ ቤቱ ደግሞ እሳቸው በነገሩት ሰው ሞልቷል። ለአጨዳ የመጡ የጎጃም ልጆች ሳይቀሩ ከጎናችን የቼዝ ጨዋታቸውን አቁመው ጆሯቸውን ሰጡ።

ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አድርጌ ድምፁን ለቀቅሁት። ሌላ ጊዜ በየደቂቃው የሚጠፋው ኔትወርክ ዛሬ ጥርት ብሎ ይሰማል።

ሰብለ ሦስተኛውን ጠራች። እኔ አይደለሁም። ሁለተኛውን ጠራች። አሁንም እኔ አይደለሁም! አያ ማሩ በክርናቸው ነካ አደረጉኝ። አንደኛ ልሆን ነው፣ ወይም ልቀበር ነው፤ መሃል የለም።

"አንደኛውን ከመናገሬ በፊት ለአንተነህ አንድ ጥያቄ አለኝ" አለች ስሜን ጠርታ። "ነጭ ወታደሩን ለምን አይበላውም?"

ፈገግ አልኩ። ጥያቄው የድርሰቱ ልብ ነዋ! ለሻይ ቤቱ ሁሉ እንዲሰማ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ ከበላው ቆጠራ ይጀመራላ አልኳት።

"የምን ቆጠራ?"

"የሰባቱ ነዋ።"

"አንተነህ፣ እንደዚህ ያለ ሕግ የለም" አለች ቀስ ብላ። "ሃምሳ እርምጃ የሚል አለ። ሰባት የሚል አይቼም ሰምቼም አላውቅም። ነጭ ወታደሩን በልቶ ተዝናንቶ ያሸንፋል።"

የምትስቅ ቢጫ ፊት ስክሪኑ ላይ ወጣች። ከዚያ ሌላ። ከዚያ መዓት። አንዱ ያችን ስክሪንሾት አምጥቶ "ገናዥ ይጠራ" ብሎ ለጠፋት። እሷስ የእጄ ናት፣ ዋጥኳት።

ስምንት ወር! አንድ ብቻ መሆን ያለበት መንገድ ለካ ሁለት ነበር፤ ሁለተኛውም ሕፃን ልጅ የሚያየው ነበር። አፑ እንኳ በየቀኑ ነግሮኝ ነበር!

እስከዚህ ድረስ ያለው ውርደት የኔ ብቻ ነው። እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ዛሬ ማታ እየሳቅሁ እተኛ ነበር።

ሰብለ ግን አዘነችልኝ መሰለኝ፣ "ማነው እንዲህ ብሎ ያስተማረህ?" አለችኝ። በክፋት አልነበረም። ለመርዳት ነው የጠየቀችኝ።

መልሱ ቀላል ነበር። "እኔ ነኝ የተሳሳትኩት" ማለት ብቻ ነው። የሦስት ቃል ስራ።

እኔ ምን አልኩ?

"አያ ማሩ ናቸው ያስተማሩኝ። እዚሁ አጠገቤ ተቀምጠዋል፣ ጠይቂያቸው።"

በጣቴም ጠቁሜያለሁ። ማንም በማያይበት ቮይስ ቻት፣ ሻይ ቤቱ ሁሉ እያየ፣ ሰውየውን በጣቴ!

አያ ማሩ አልተቆጡም። ወደ ስልኩ ጎንበስ አሉ። በስልክ ሲያወሩ እንደ ልማዳቸው ጮክ አሉ።

"እንደምን ዋልሽ ልጄ። ማሩ እባላለሁ። ልጁ ልክ ነው፣ ቆጠራውን ያመጣሁት እኔው ነኝ።"

ከዚያ ለማያውቋት ሴት ታሪኩን ተረኩላት። ካምፑ ውስጥ ምሳ ሰዓት አጭር ነበረች አሉ። ትራክተሩ እስኪነሣ ነው የሚጫወቱት። አንዱ ባዶ ንጉሥ እያባረረ ሲዞር ሰዓቱ ያልቅና ተራ የሚጠብቀው ሳይጫወት ወደ ስራ ይመለሳል፤ በዚህ ጠብ ተነሣ። ጠቡን ለማብረድ ሰባት ይበቃል ተባባሉ። አገር ሲገቡም በዚያው አስተማሩ። ሌላው ዓለም እንዴት እንደሚጫወት የሚጠይቁት ሰው አልነበራቸውም።

"እኔ ነኝ ሕግ አስመስዬ የነገርኩት" አሉ በመጨረሻ። "ጥፋቱ የኔ ነውና ነጥቡን ከሱ ላይ አትቀንሽበት።"

"እሺ፣ አባቴ" አለች ሰብለ።

አያ ማሩ ተነሡ። ኮታቸውን አውልቀው ክንዳቸው ላይ አጥፈው ያዙት። ሻያቸው እንደተቀዳ ነው። "ደህና ዋል" አሉኝ። እኔን ደህና ዋል ብለውኝ አያውቁም፤ ሁልጊዜ የሚሉኝ "ኋላ ና" ነው።

ከጎናችን የነበሩት የጎጃም ልጆች ሰሌዳቸው ላይ ባዶ ንጉሥ ነበራቸው። አንደኛው፣ ታዲያ እንቁጠር ወይስ እንተወው ብሎ ጠየቀ።

አንድ ሰዓት ያህል ቆይቼ ቤታቸው ሄድኩ። ልጃቸው በሩ ላይ ወጥታ ተኝተዋል አለችኝ። አያ ማሩ ቀን ተኝተው አያውቁም! ሰሌዳውስ አልኳት። ቁም ሳጥኑ ላይ አውጪልኝ ብለውኝ አወጣሁት አለች። ያ ሰሌዳ እኔ ካወቅሁት ጀምሮ ከጠረጴዛው ተነሥቶ አያውቅም።

ከዚያ ወዲህ ሱቄ ውስጥ ነኝ። አሁን ሰብለ በውስጥ መስመር ጻፈችልኝ። "ድርሰትህ ውድቅ ነው። አባታችን ግን ደህና ናቸው?"

ምን ብዬ ልመልስላት? ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ አጠፋሁት።

አንድ የእንጨት ወታደር ላለመብላት ስምንት ወር የተጨነቅሁት ሰውዬ፣ ያሳደጉኝን ሰው ግን በአንድ ጥያቄ አሳልፌ ሰጠሁ። የገዛ ድርሰቴንም "ምሕረት" ብዬዋለሁ፣ አያሳፍርም?

በሉ ምክራችሁን አምጡ። ብቻዬን ሄጄ እግራቸው ላይ ልውደቅ እንዳልል ተኝተዋል እየተባልኩ ልመለስ ነው። ሽማግሌ መላክ ይሻላል ብዬ አሰብኩ፣ አገሬውም የሚያደርገው ይሄንኑ ነው። ሰፈራችን ውስጥ ሰው ሲጣላ ለሽምግልና ማን እንደሚላክ ታውቃላችሁ?

አያ ማሩ!

ሌላ ሽማግሌ የለንም። እስቲ ንገሩኝ፣ ከአያ ማሩ ጋር እንዲያስታርቀኝ አያ ማሩ ዘንድ ማንን ልላክ?