የሃምሳ አለቃ ደምሴ ዝግጁነት

ዝግጁ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? ለእንግዳ የተዘጋጀ ማለቴ አይደለም፤ ለጦርነት የተዘጋጀ ማለቴ ነው። ፒያሳ ካፌ የምንውል ሰዎች አንድ አለን፤ ሃምሳ አለቃ ደምሴ ይባላሉ። ባሕር ማዶ ሰላም ሊያስከብሩ ዘምተው ነበር፤ ዛሬ ተጠባባቂ ጦር ውስጥ ናቸው። በየማለዳው ከዶሮ ማነቂያ እስከ ስድስት ኪሎ ይሮጣሉ፤ ከዚያ ማኪያቷቸውን ይዘው ያስተምሩናል።

"መደበኛውና ተጠባባቂው እዚህ አብሮ ካልተለማመደ፣ ማዶ ሲደርስ አይግባባም" ይሉናል። እኛም፣ ከወንበር መነሳት የሚያቅተን ሁሉ፣ ራሳችንን እንነቀንቃለን።

ባለፈው ማክሰኞ ይህንኑ እያስረዱን ስልካቸው ጠራ። ቁጥሩን አይተው ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።

"አያነሱትም?" አልኳቸው።

"ከጦሩ ነው" አሉ ቀስ ብለው። "የዘመቻ ጥሪ አለ ሲባል ሰምቻለሁ።"

ታዲያ ስንት ዓመት ሲጠብቁ የኖሩት ይህንን ስልክ አልነበረም? ልቀልድባቸው አፌን ከፍቼ ነበር፤ ስልኩን ከማኪያቷቸው ኋላ ሲገፉት ሳይ አፌን መልሼ ዘጋሁ።

"ያኔ አብረውኝ ከሄዱት ብዙዎቹ አልተመለሱም" አሉ። "ይህንን አላስተማርኳችሁም።"

ስልኩ እንደገና ጠራ። የካፌው ባለቤት እትዬ ዘይነባ ከባንኮኒው ኋላ መጥተው አነሱት።

"ታመዋል" አሉ። "አዎ፣ በጠና ነው የታመሙት።" ዘግተውም ስልኩን ሃምሳ አለቃ ፊት አስቀመጡት።

በጥቃቅኑ ሁሉ ሲያርሙን የኖሩት ሰው እትዬ ዘይነባን አላረሟቸውም። እኛም ስለ እግር ኳስ ማውራት ጀመርን።