ያልተለቀሰላት ሃሪየት

ድራማ አይቶ ዝም ማለት የማይችል ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። ለአሜሪካው ሰፈራችን ለቢከን ሂል የተመደቡት ክብርት ወይዘሮ ማንአልሞሽ ናቸው። እሳቸው ያዩትን ድራማ፣ ሽንኩርት እየከተፉም ሆነ ጥርስ እያመመ፣ መስማት የጉርብትና ግዴታ ነው።

የሰሞኑ ፍቅራቸው መናፍስት የሚርመሰመሱበት የድሮ የአሜሪካኖች ተከታታይ ድራማ ነው፤ ጥቁርና ነጭ፣ ማለቂያ የሌለው። በድራማው ውስጥ ሁሉም ስለሚወደው ካባ ለባሽ መንፈስ ያነሳባቸው ሰው ጉድ ፈላበት። "እሱ ኋላ የመጣ ነው! ዋናዋ አስታማሚዋ ሃሪየት ናት!"

ሁለት ዓመት ሙሉ ይህን የሰማችው ጎረቤታቸው ፀዲ ናት። ሰማች ከተባለ። ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጋ ሳህን ታጥባለች፤ በየደቂቃው "ውይ!" ትላለች፤ ሲረዝምባት "ኧረ በስመአብ!" ትጨምራለች። ከዚያ ሁሉ የያዘችው ሃሪየት የምትባል ደግ ሴት አንድ ሽማግሌ እንደምታስታምም ብቻ ነው። የወይዘሮ ማንአልሞሽም ሥራ ሽማግሌ ማስታመም ነውና የሥራ ጓደኛቸው ናት ብላ ደመደመች።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ደወሉላት፤ ድምፃቸው በለቅሶ ተዘግቷል። "ፀዲዬ፣ ሃሪየቴ ሞተች! ከሰገነት ወድቃ! ቀብር የለ፣ ለቅሶ የለ፣ በማግስቱ ስሟን ያነሳ የለ!"

ፀዲ ሳህኑን ጣለች። ወዲያው ለዕድሩ ግሩፕ ጻፈች፦ "እትዬ ማንአልሞሽ የልብ ጓደኛቸው አርፋባቸዋለች። ለቅሶው እቤታቸው ነው።"

ቢከን ሂል በለቅሶ አይታማም። ስምንት ሰዓት ሲሆን ነጠላውን ያዘቀዘቀ፣ የውሃ ካርቶን የተሸከመ፣ ምስር በድስት የያዘ ሠላሳ ሰው ቤቱን ሞላው። የዕድሩ ሊቀመንበር ጋሽ ፍቅረ ሥላሴ ከቤልቪው ድረስ መጥተው፣ መኪናቸውን ፓርክ ለማድረግ ብቻ ግማሽ ሰዓት ዞረዋል።

"እግዚአብሔር ያጽናዎት" አሉ ባርኔጣቸውን አውልቀው። "ለመሆኑ ሟች ዘመድ አላት?"

ወይዘሮ ማንአልሞሽ ለመመለስ ሳይደርሱ ልጃቸው ኖላዊት ከደረጃው ላይ ብቅ አለች። "ማሚ፣ ይሄ ሁሉ ለሃሪየት ነው? ሺ ኢዝ ኖት ሪል! የእውነት ሰው አይደለችም፣ የቲቪ ሾው ናት እኮ!"

ፀዲ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች ነበር። ወይዘሮ ማንአልሞሽ ግን ከሠላሳው ሰው እሷን ብቻ አዩ።

"ሁለት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን አልሰማሽኝም ማለት ነው?" አሉ ቀስ ብለው።

በሕዝቡ ፊት መዋረዱስ ያልፋል፤ እኚህን ሴት ማስቀየሟ ግን ለፀዲ ከዚያ የባሰ ነው። በወለደች ጊዜ አርባ ቀን ገንፎ ያገነፉላት እሳቸው ናቸው።

ጋሽ ፍቅረ ሥላሴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ያን ያህል ለፍተው ያገኙትን ፓርኪንግ በዋዛ የሚለቁ ሰው አይደሉም።

"ኦኬ፣ ሶ… ማንም አላለቀሰላትም ነው የሚሉን?"

"ማንም! ታሪኩ የተጀመረው በእሷ ነበር። ያ ካባ ለባሽ ሲመጣ ሻይ አመላላሽ አደረጓት።"

"ነውር ነው!" ወንበር ሳቡ። "እንግዲህ መጥተናል። ከመጀመሪያው ይንገሩን።"

ምስሩ ተከፈተ፤ ወይዘሮ ማንአልሞሽም ከክፍል አንድ ጀመሩ። ፀዲ ስልኳን አጥፍታ እግራቸው ሥር ተቀመጠች። አንድም "ውይ" ከአፏ አልወጣም። ሃሪየት መብራት ይዛ ብቻዋን ወደ ሰገነቱ መውጣት ስትጀምር ግን እንባዋ ዱብ ዱብ አለ፤ የወይዘሮ ማንአልሞሽን ቀሚስ ጨምድዳ ያዘች።

"ኧረ እትዬ! ኧረ አንድ ሰው ይከተላት!"