ጋሽ ቀነስ

ከተማ ውስጥ የኖረ ሰው ሁሉ ድምፅ የሚያሳድድ ጎረቤት አያጣም። ሌላው ሰው ስለ ዝናብና ስለ ጤፍ ሲያወራ፣ እሱ ማን እንደ ጮኸ፣ ከየት በኩል እንደ ጮኸና መቼ ዝም እንዳለ ያወራል። በሩን ጓ አድርጎ የዘጋ እንግዳ ተጠርቶ ይመለስና ቀስ ብሎ እንዲዘጋው ይደረጋል። አጥሩ ሥር የሚያስነጥስ ሰው ይቅርታ ጠይቆ ያልፋል።

ለፈረንሳይ ለጋሲዮን ሰፈር የደረሷት ጋሽ ጀማለዲን ነበሩ። ሰዓት ሠሪ ናቸው። ሱቃቸው፣ ሱቅ ከተባለ፣ ወደ እንጦጦ የሚወጣው ዳገት ወገቡ ላይ፣ ከመኖሪያ ቤታቸው ግድግዳ የተቀደደ አንድ መስኮት ነው። ያንን ዳገት ኤንትሬ የሚባለው ከባድ መኪና ማርሽ ሳይቀይር አይወጣውም፤ የሚቀይረው ደግሞ በትክክል እዚያ መስኮት ሥር ነው። የጭስ ማውጫው ማርሚታ የተቀደደ እንደሆነ የባለቤታቸው የመብሩካ ብርጭቆዎች መደርደሪያው ላይ እርስ በርስ ይንኳኳሉ።

አላህ ይህን ቦታ ለሰዓት ሠሪ የሰጠበትን ምክንያት ጋሽ ጀማለዲን ሃያ ዓመት አስበው አላገኙትም። ሰዓትን ከፍቶ ማየት ማንም ያየዋል። እሳቸው ግን ሳይከፍቱ ጆሯቸው ላይ ይለጥፉትና፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ «ይቺ ታነክሳለች» ይላሉ። ሲከፈት እውነትም ታነክሳለች። በዚያ ጆሮ ነው አራት ልጆች ያሳደጉት፤ በዚያ ጆሮ ነው ከመርካቶ ድረስ ሰው የሚመጣላቸው። ከጆሯቸው ሌላ የረባ ንብረት አልነበራቸውም።

ታዲያ ልክ ጆሯቸውን ሲለጥፉ መኪና ይመጣል። አንገታቸውን በመስኮቱ ያወጡና «ቀነስ አድርገው» ይላሉ። መኪና ይቀነስ አይቀነስ አያሳስባቸውም። ራዲዮ የከፈተ፣ ጣሪያ የሚመታ፣ ልጁን የሚቆጣ፣ ሁሉም «ቀነስ አድርገው» ይባላል። ሰፈሩም ጀማለዲን የሚለውን ስም ትቶ ጋሽ ቀነስ አላቸው።

ከሁሉ የባሰው ገመዳ ነው። ከእንጦጦ አጣና እየጫነ የሚያወርድ የኤንትሬ ሹፌር ነው። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ባዶውን ሲወጣ፣ መስኮቱ ጋ ሲደርስ፣ መንገዱ ላይ ድመት እንኳ ሳይኖር ክላክሱን ይነፋል።

«ቀነስ አድርገው አንተ!»

«እሺ ጋሼ» ይላል ገመዳ። እጁን ግን አያነሳም። ስምንት ዓመት እንዲህ ኖሩ።

ይህ ሁሉ ሳያንስ ቀበሌው ድምፅ ማጉያ ተከለ። ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ጀምሮ የሰልፍ ዘፈን ነው፤ ከዘፈኑ ቀጥሎ መፈክር፤ ከመፈክሩ ቀጥሎ የስብሰባ ጥሪ። ስለዚያ ድምፅ ክፉ የተናገረ ሰው ምን እንደሚደርስበት ሁሉም ስለሚያውቅ፣ ሰፈሩ ትራሱን ጆሮው ላይ አድርጎ ዝም አለ። ጋሽ ጀማለዲን ግን ወረቀት ገዙ። ራስጌው ላይ «ኢትዮጵያ ትቅደም» ብለው ጀመሩና፣ «የአብዮቱን መልእክት በጥሞና ለማዳመጥ እችል ዘንድ ድምፁ ቀነስ እንዲደረግልኝ አመለክታለሁ» ብለው ጨረሱ። የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ በዳዳ ማመልከቻውን ሦስት ጊዜ አነበቡት። የሚያሳስር ቃል ፈልገው አጡበት፤ የሚያስቀንስም ምክንያት አላገኙበትም። «ጉዳይዎ በጥናት ላይ ነው» አሏቸው።

ጋሽ ጀማለዲን በየሦስት ወሩ አንድ ማመልከቻ ያስገቡ ጀመር። ሌሊት መኪና እንዳይሞቅ፣ የወፍጮ ቤቱ ሞተር ወደ ጓሮ እንዲዞር፣ ድምፅ ማጉያው ፊቱን ወደ ጫካው እንዲያደርግ። መብሩካ «አንድ ቀን በዚህ ወረቀት ይወስዱሃል» እያለች ታለቅስ ነበር።

ከዚያ ነገሩ ይሠራ ጀመር።

መጀመሪያ የወፍጮ ቤቱ ሞተር ለዘብ አለ። በክረምቱ ኤንትሬዎቹ ጨዋ ሆኑ። በመስከረም ገደማ ድምፅ ማጉያው ራሱ ከሩቅ እንደሚሰማ የሠርግ ቤት ሆነ። ጋሽ ጀማለዲን ለመጣ ደንበኛ ሁሉ «ማመልከቻ ይሠራል፤ ሰው ስለሚፈራ ነው እንጂ መንግሥትም ይሰማል» ይሉ ነበር። ደንበኛው እዚያው ጣቱን ጆሮው ውስጥ ከትቶ ግራ ተጋብቶ ያያቸዋል።

ደስታቸውን የሚያደፈርሰው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ሰዓቶች ይሞቱ ጀመር። ጆሯቸው ላይ ይለጥፉና «ይቺ አልቆላታል» ይላሉ። ባለቤቱ አዝኖ ጥሎላቸው ይሄዳል፤ እሳቸውም መለዋወጫ እንዲሆን መሳቢያ ውስጥ ያስቀምጡታል። የገመዳንም ሰዓት እንዲሁ ሞቷል ብለው፣ አንዱን ባለጥርስ መዘውር ነቅለው ለሌላ ሰው ሰዓት ሰጡት። የዛሬ ፋብሪካ ድሮ እንደነበረው አይደለም አሉ።

አንድ ቀን መብሩካ ከኅብረት ሱቅ ባዶ ዘንቢል ይዛ ተመለሰች። ስብሰባ ያልተገኘ ቤተሰብ ስኳር አይሰጠውም ተብሎ ነበር።

«ሦስት ቀን ሙሉ ሲለፈፍ እኔ ለቅሶ ቤት ነበርኩ፤ አንተ እዚሁ ተቀምጠህ አልሰማህም?» ብላ ጮኸችባቸው።

«ምን ድምፅ አለና እሰማለሁ፤ አስቀነስኩት እኮ» አሉ። እንዲያውም ሳላመሰግን መቅረቴ ነውር ነው ብለው፣ በማግስቱ ጠዋት ኮታቸውን ለብሰው ወደ ቀበሌ ሄዱ።

ጓድ በዳዳ ከጽሕፈት ቤቱ ፊት ለፊት፣ ድምፅ ማጉያው ከተሰቀለበት ምሰሶ ሥር ቆመዋል። ጋሽ ጀማለዲን ቀረብ አሉና እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው፣ «ጓድ ሊቀመንበር፣ ስለ ጸጥታው አላህ ይስጥልን» አሉ። ከበላያቸው የሰልፉ ዘፈን መሬቱን ያናውጠዋል። ወረፋ የያዘው ሕዝብ በድንጋጤ ደረቀ። ጓድ በዳዳ ፊታቸው ጠቆረ። «ይቀልዱብኛል እንዴ?» አሏቸው።

ጋሽ ጀማለዲን የሊቀመንበሩ ከንፈር ሲንቀሳቀስ አዩ። ሁለት ሴቶች ጆሯቸውን በነጠላ ሸፍነው እንደቆሙም አዩ። ግራ ገብቷቸው ምሰሶውን ደገፍ አሉ። እንጨቱ መዳፋቸው ሥር ይንቀጠቀጣል። ቀና ብለው ድምፅ ማጉያውን አዩት፤ እጃቸውን አዩት፤ እንደገና ምሰሶውን ጨበጡት። ያን ጊዜ ገባቸው።

ጓድ በዳዳ የሰውየውን ፊት ሲያዩ ቁጣቸው ጠፋ። ወደ ውስጥ ገቡና፣ በቀበሌው ታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ድምፁን በገዛ እጃቸው ቀነሱት። ጋሽ ጀማለዲን ይህንንም ያወቁት በመዳፋቸው ነው። በማግስቱ ተመልሶ ከፍ ብሏል።

ቤታቸው ገብተው መሳቢያውን ሳቡ። ሞቱ ያሏቸውን ሰዓቶች አንድ በአንድ ሞሉና በጥርሳቸው መሐል ያዟቸው። ቀጭ ቀጭ የሚለው በአጥንታቸው ውስጥ ገባ። ሁሉም ደህና ነበሩ። የገመዳ ብቻ፣ የታረደው፣ ዝም አለ። መብሩካ ስትገባ ሰዓት ነክሰው ሲያለቅሱ አገኘቻቸው። ሃያ ዓመት ሙሉ ምነው ዝም ባልክልኝ ስትል የኖረች ሴት፣ ያን ቀን «ተናገር እንጂ!» ብላ ትከሻቸውን ያዘች።

ወሬው ሰፈሩን ለመዞር ግማሽ ቀን አልፈጀበትም። ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር ነው አስቸጋሪው። ሰው ሁሉ በመስኮቱ በኩል ሲያልፍ ድምፁን ቀነሰ። ጣሪያ የሚመታው መዶሻውን አስቀመጠ። ገመዳ ሳይቀር ማርሹን ከታች ቀይሮ፣ ክላክሱን ሳይነካ፣ አንገቱን ደፍቶ ማለፍ ጀመረ። ጋሽ ጀማለዲን የጠየቁትን ሁሉ አገኙ፤ የሚሰሙበት ጆሮ ብቻ ነው ያልነበረው።

በሦስተኛው ቀን መንገድ ላይ ወጥተው ኤንትሬውን አስቆሙት። የሰዓቱን ስብርባሪ በወረቀት ጠቅልለው ለገመዳ ሰጡት።

«ሕያው ሳለች ነው ያረድኳት። አፉ በለኝ።»

ገመዳ ወርዶ ጆሯቸው ሥር ጮኸ። «ሰዓት ምን ያደርግልኛል ጋሼ፤ እኔ ሁለት ሰዓት መሆኑን የማውቀው እርስዎ ሲቆጡኝ ነው።»

ጋሽ ጀማለዲን ይስሙት አይስሙት አልታወቀም። መዳፋቸውን የመኪናው በር ላይ ለጠፉና «ውጣና ክላክሱን ንፋው» አሉ።

ገመዳ ወደ መሪው ወጣ። ግን ልቡ እምቢ አለው፤ እጁን መሪው ላይ አድርጎ የነፋ አስመሰለ።

«አልነፋህም» አሉ ጋሽ ጀማለዲን።

ነፋው። ዳገቱ ሙሉ ሰው ከየቤቱ ወጣ። የመብሩካ ብርጭቆዎች ተንኳኩ። ጋሽ ጀማለዲን ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ሰዓት እንደሚያዳምጡ ሆነው፣ የበሩ ላሜራ ላይ ትንሽ ቆዩ።

«ቀነስ አድርገው አንተ» አሉ።

«እሺ ጋሼ» አለ ገመዳ። እጁን ግን አላነሳም።