የኩራትና የተስፋ ቁም ሣጥን

በሚሲሲፒ ወንዝ ዳር ባለች አንዲት ከተማ፣ የሰፈሩ ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን የጥቁር ልጆችን መጻኢ ዕድል ለዘለቄታው አስተካክሎ የጨረሰው በአንድ ስብሰባ ነው። ስብሰባውን የመሩት የልጆች የኩራትና የተስፋ ኮሚቴ ሊቀመንበር ወይዘሮ ዩላሊ ቤክዊዝ ነበሩ። ለዚህ ኃላፊነት ከእሳቸው የተሻለ ሰው እንደማይገኝ ሁሉም ያውቃል። ሳሎናቸው ያለው ሶፋ ከተገዛ ጀምሮ ፕላስቲኩ አልተገፈፈም። ባለቤታቸው ያረፉ ጊዜ እንኳ ለቀስተኛው የተቀመጠው ወጥ ቤት ነው። ውድ ነገርን መጠበቅ የሚያውቁ ሴት ናቸው።

ኮሚቴው በበጋው ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ዓሣ እየጠበሰ ሸጦ፣ ጥቁር ልጆች ኮርተውና ተስፋ ሰንቀው እንዲያድጉ የሚረዱ ባለ ሥዕል መጻሕፍት አስመጣ። ካርቶኑ ሲከፈት ከሁሉ በላይ የነበረው መጽሐፍ ሽፋን ላይ፣ አፍሮ ጸጉሯን በሁለት ኳስ ያሰረች ጠይም ልጅ በረጅም መሰላል ወደ ጨረቃ ትወጣለች። ሴቶቹ በዙሪያው ተሰበሰቡ። ከኮሚቴው አባላት አንዷ፣ እህት ዌኔታ፣ “እኛ ልጅ ሳለን እንዲህ ያለ መጽሐፍ ብናይ ኖሮ...” ብላ ጀመረችና ሳትጨርሰው አለቀሰች። እንባዋ ሽፋኑ ላይ ጠብ አለ።

ወይዘሮ ዩላሊ በመሐረባቸው ፈጥነው ጠረጉት።

“እህት ዌኔታ፣ ወደዚያ ዞረሽ አልቅሽ! ወረቀት ነው እኮ።”

አደጋው የታወቀው በዚህች ቅጽበት ነው። እንባ እንዲህ ካደረገ ቫዝሊን ምን ሊያደርግ ነው? ምክንያቱም በዚያ ቤተ ክርስቲያን፣ እሑድ ጠዋት ፊቱንና እጁን ቫዝሊን ሳይቀባ ከቤት የሚወጣ ልጅ የለም። ቆዳው ደርቆ የነጣ ልጅ ይዛ የመጣች እናት ስሟ እስከሚቀጥለው እሑድ አያርፍም። ቫዝሊን የተቀባ ልጅ ደግሞ መጽሐፍ ከነካ የጣቱ ቅርጽ ገጹ ላይ እንደ ማኅተም ይቀራል።

ዲያቆን ሩፈስ የኮሚቴው ብቸኛ ወንድ ናቸው። ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

“ታዲያ ቫዝሊኑን ለአንድ ሰዓት ብንተወውስ?”

“ዲያቆን፣ ልጆቻችን አመድ ላይ የተንከባለሉ መስለው የእግዚአብሔር ቤት ይግቡ ነው የሚሉት?”

“ኧረ በስመ አብ! እንዲያ አልወጣኝም!”

“ወጥቶዎታል። ሁላችንም ሰምተናል።”

ዲያቆኑ ጥፋታቸውን ለማስተሰረይ፣ መጻሕፍቱ የሚቀመጡበት ባለ መስታወት ቁም ሣጥን በራሳቸው እጅ እንደሚሠሩ ቃል ገቡ። ሠሩትም። ቁልፉ በወይዘሮ ዩላሊ አንገት ላይ ዋለ። እሑድ እሑድ ነጭ ጓንት ያጠለቁ ሁለት የቤተ ክርስቲያኑ አስተናጋጆች ግራና ቀኝ ይቆሙበት ጀመር። በመስታወቱ ላይም ማንኛውም ልጅ ሊያየው በሚችል ቁመት፣ በትላልቅ ፊደላት የተጻፈ ማስታወቂያ ተለጠፈ፦ “ኩራታችሁን ተመልከቱ። አትንኩ።”

ልጆቹ ተመለከቱ። አልነኩም። ኮሚቴው በመጀመሪያው የአፈጻጸም ግምገማው፣ አንድም መጽሐፍ እንዳልተቀደደ፣ እንዳልቆሸሸና እንዳልተነበበ በደስታ አረጋገጠ።

ችግሩ የመጣው ከራሳቸው ከሊቀመንበሯ ቤት ነው። አንድ እሑድ ማለዳ ወይዘሮ ዩላሊ የስድስት ዓመት የልጅ ልጃቸውን ዛኒያን በጉልበታቸው መሀል አስቀምጠው ጸጉሯን ሲጎነጉኑ፣ የዛኒያ እናት ሬኒታ አንድ ሥዕል ይዛ ገባች።

“እማ፣ ይህን እይልኝ። ትምህርት ቤት ‘ራሳችሁን ሳሉ’ ተብለው ነው።”

ሥዕሉ ላይ ቢጫ ጸጉሯ እስከ ወገቧ የወረደ ልጅ ቆማለች።

“ይቺ ማናት?” አሉ ወይዘሮ ዩላሊ።

“እኔ ነኝ” አለች ዛኒያ። “መጽሐፍ ውስጥ ስሆን።”

ወይዘሮ ዩላሊ ማበጠሪያውን አስቀመጡ። “አየሽ ሬኒታ? ለዚህ እኮ ነው እነዚያን መጻሕፍት የገዛነው!”

“ታዲያ አንዱን አምጪላታ! ለአንድ ቀን ብቻ፣ እማ።”

“እንዲበላሽ?”

“ይበላሽ! ልጅቷ ከምትበላሽ ወረቀቱ ይበላሽ!”

“ቤቴ ውስጥ አትጩኺ። ሥርዓት አለ፣ ኮሚቴ አለ።”

ዛኒያ አንገቷን ወደ ኋላ ቀልብሳ አያቷን ከታች ወደ ላይ አየቻቸው። “እማማ፣ ያቺ መሰላል ላይ ያለችው ልጅ ጨረቃ ላይ ትደርሳለች?”

“አንገትሽን ቀጥ አርጊ።”

“ትደርሳለች ወይ?”

ወይዘሮ ዩላሊ ጣታቸውን ቫዝሊኑ ውስጥ ነክረው የልጅቷን ግንባር ማሸት ጀመሩ። ባለ መሰላሏ ልጅ ትድረስ አትድረስ አያውቁም ነበር። የሊቀመንበርነት ደንቡ መጽሐፉን መጠበቅ እንጂ ገልጦ ማየት የሚል ነገር የለውም።

ከዚያ ልጆች መድረክ ላይ የሚወጡበት የልጆች እሑድ ደረሰ። ከሌላ ከተማ የተጋበዙ አንድ ታላቅ ፓስተር መጥተው ቁም ሣጥኑን አይተው፣ “ይህ ቁም ሣጥን አይደለም፣ ነገ ነው!” አሉ፤ ምእመናኑም “አሜን!” አሉ። ቀጥሎ፣ መጻሕፍቱ ያመጡላትን ለውጥ እንድትመሰክር የተመረጠችው ዛኒያ ቆመች። ነጭ ቀሚስ ለብሳለች፤ ፊቷ ያብለጨልጫል። ሲያስጠኗት የሰነበቱትን በአንድ ትንፋሽ አነበነበችው።

“እኔ ቆንጆ ነኝ ብልህ ነኝ ከእነዚህ መጻሕፍት ኩራትንና ተስፋን ተምሬያለሁ አመሰግናለሁ።”

ጭብጨባው ጣሪያውን ነቀነቀው። ወይዘሮ ዩላሊ ባርኔጣቸውን አስተካከሉ። ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ የኮሚቴው ዝና እስከ ዋና ከተማው በደረሰ ነበር። ግን እንግዳው ፓስተር ጎንበስ ብለው ድምፅ ማጉያውን ወደ ልጅቷ አስጠጉ።

“የኔ ልጅ፣ ከሁሉም የትኛውን ትወጃለሽ?”

“ባለ መሰላሏን።”

“እስቲ ታሪኩን ንገሪን!”

“በይ ንገሪያቸው ልጄ!” አሉ ከኋላ አንዲት አሮጊት።

ዛኒያ ትንሽ አሰበች። “ልጅቷ መሰላሉን ትወጣለች። ትወጣለች፣ ትወጣለች። ከዚያ ጨረቃ ጋ ስትደርስ በር አለ። በሩ ጋ ነጭ ጓንት ያደረጉ ሰዎች አሉ። ‘እጅሽን አሳዪን’ ይሏታል። ታሳያለች። ‘ቫዝሊን አለው፣ አትንኪ’ ይሏታል። ከዚያ ትወርዳለች።”

“ከዚያስ?”

“አለቀ።”

አስተናጋጆቹ ጓንታቸውን ከኋላቸው ደበቁ። ፓስተሩ ፈገግታቸውን እንደያዙ ወደ ሊቀመንበሯ ዞሩ።

“እህት ዩላሊ፣ የመጽሐፉ መጨረሻ እንዲህ ነው?”

ወይዘሮ ዩላሊ ተነሡ። አላውቅም ማለት ለአንድ ሊቀመንበር፣ ያውም በእንግዳ ፊት፣ የማይታሰብ ነው። አገጫቸውን ቀና አድርገው፣ “አዎን፣ እንደሱ ነው” አሉ።

“ጥልቅ ትምህርት ነው!” አሉ ፓስተሩ። ምእመናኑ በእፎይታ አጨበጨቡ።

ዛኒያ ወደ አያቷ መጥታ አጠገባቸው ተቀመጠች። አላለቀሰችም። ቀሚሷን ጉልበቷ ላይ እያስተካከለች፣ “እንደማያስገቧት አውቅ ነበር” አለች።

በማግሥቱ ታላቅ ቅሌት ተሰማ። ባለ መሰላሏ መጽሐፍ ከቁም ሣጥኑ ጠፍታለች። መስታወቱ ላይ ደግሞ ወፍራም፣ በቫዝሊን የራሰ የአውራ ጣት አሻራ ተገኘ። ኮሚቴው አስቸኳይ ስብሰባ ጠርቶ፣ ጉዳዩን ከሥሩ የሚያጣራ ንዑስ ኮሚቴ አቋቋመ፤ ሰብሳቢነቱንም በሙሉ ድምፅ ለወይዘሮ ዩላሊ ሰጠ።

ወይዘሮ ዩላሊ ሳምንቱን ሙሉ አጣርተው ለጉባኤው ሪፖርታቸውን በቃል አቀረቡ።

“ጥፋተኛው አልተገኘም” አሉ። ለመቀመጥ ጎንበስ አሉና ቀና አሉ። “ልጅቷ ግን ደርሳለች።”

“የቷ ልጅ?” አሉ ዲያቆን ሩፈስ።

“ጨረቃ ላይ። እግሯን አንጠልጥላ ተቀምጣ ኮክ ትበላለች። መጨረሻው ገጽ ላይ።”

ዲያቆኑ ይህን ለመረዳት ሞከሩ፣ አልሆነላቸውም፤ ወደሚያውቁት ነገር ተመለሱ። ቁም ሣጥኑ ላይ ሁለተኛ መቆለፊያ እንዲጨመር ሐሳብ አቀረቡ። ሐሳቡን ከሁሉ ቀድመው የደገፉት ወይዘሮ ዩላሊ ናቸው። “አዲሱን ቁልፍስ ማን ይያዝ? የሚታመን ሰው መሆን አለበት” ሲባል ሁሉም ወደ እሳቸው ዞረ።

ወይዘሮ ዩላሊ አመስግነው ተቀበሉ፤ ከመጀመሪያው ጎን አንገታቸው ላይ አሰሩት። ቸኩለው ነበር። ቤታቸው ሳሎን፣ ፕላስቲኩ በተገፈፈ ሶፋ ላይ ዛኒያ እየጠበቀቻቸው ነው፤ ዛሬ የምትፈልገው ባለ ቀይ ሽፋኑን መጽሐፍ ነው።