የሊቀ ፈተና ፍሬን

ሥራ ፈላጊ ያለበት ቤት ሁሉ አንድ ሊቀ ፈተና አያጣም። ማንም አልሾመውም፣ ማንም አልጠራውም፤ የፈተና ወሬ ጆሮው በገባ ማግስት ሻንጣውን አንጠልጥሎ ከተፍ ይላል።

ለዚህች ሥራ ፈላጊ ልጅ የደረሱላት ሊቅ የእናቷ ታናሽ ወንድም ናቸው። ዕድሜያቸውን የፈጁት መኪና መንዳት በማስተማር ነው። ጡረታ ወጥተው ብቻቸውን መኖር ከጀመሩ ወዲህ የሚያስተምሩት ሰው አጥተው፣ አውቶቡስ እየተሳፈሩ ሾፌሩን ሲያርሙ ይውሉ ነበር። የእህታቸው ልጅ የመድኃኒት ማከፋፈያውን የመቀጠሪያ ፈተና ሁለቴ መውደቋን ሲሰሙ፣ «እስክታልፍ ድረስ ብቻ» ብለው ሳሎኑ ሶፋ ላይ ሰፈሩ።

ልጅቷ ሰነፍ አይደለችም። በሽታዋ ጥድፊያ ነው። ጥያቄው ሳያልቅ መልሱ አፏ ላይ ነው፤ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የተባለው እሷን አይቶ ይመስላል። አሁንም ከወደቀች ድርጅቱ ዳግመኛ አያስፈትናትም። ይህን ስታስብ ደግሞ ጭራሽ ይብስባታል።

ሊቁ ሥራ ጀመሩ፤ ቤቱም ቤት መሆኑ ቀረ። ገና ቁርስ ሳይነሳ፣ «ቢላዋ፣ ማንኪያ፣ ሹካ፣ ድስት! የማይመደበው የቱ ነው?»

«የማይመደበውማ አንተ ነህ!» ትላለች እናት። «ልጄ ቁርሷን ትብላበት!»

«እትዬ፣ ተፈታኝ አታዘናጊ።»

ከሁሉ የከፋው ግን እግራቸው ነበር። በማስተማሪያ መኪና ውስጥ አስተማሪው እግር ሥርም ፍሬን አለ። መኪናው ቢቀርም የእሳቸው እግር አልረሳም። ልጅቷ ጥያቄውን ሳትጨርስ አፏን ከከፈተች፣ ከጠረጴዛው ሥር ደብ!

«ፍሬን ያዥ! መንገዱን ሳታዪ ወዴት ነው?»

ደብ! ብርጭቆው ይንቀጠቀጣል። ከታች ያለው ጎረቤት በመጥረጊያ እንጨት ጣሪያውን እየደበደበ ይመልሳል።

«አጎቴ፣ በእግርዎ ሊያሳብዱኝ ነው!» ብላ አንድ ቀን አልቅሳለች። አጎትም ለዚያ ቀን ጫማቸውን አውልቀው አስተማሩ። ደብ ማለቱ ግን አልቀረም።

የፈተናው ዕለት በር ላይ ትከሻዋን ያዝ አደረጓት። «እዚያ እኔ የለሁም» አሉ። «ፍሬኑን አደራ።»

አዳራሹ ውስጥ ኮምፒዩተሩ ፊት ስትቀመጥ የመጀመሪያው ጥያቄ ብቅ አለ። «አንድ ልብስ ፀሐይ ላይ ለመድረቅ አንድ ሰዓት ቢፈጅ፣ አምስት ልብሶች ገመድ ላይ አብረው ቢሰጡ ስንት ሰዓት ይፈጃሉ?» አምስት! ጣቷ ሊጫን ሲል የገዛ እግሯ ወለሉን ደብ አደረገው። ፈታኟ ቀና ብላ አየቻት። ልጅቷ በሐፍረት አንገቷን ደፍታ ጥያቄውን እንደገና አነበበች። ያኔ እናቷ ልብስ ስታሰጣ ትዝ አለቻት። ሁሉም አብሮ ነዋ የሚደርቀው! አንድ ሰዓት። ከዚያ ወዲያ እግሯ በየጥያቄው ደብ ደብ ሲል አላፈረችም።

ማለፏ በስልክ ሲነገራት እናትና ልጅ ተቃቅፈው ጮኹ። ሲላቀቁ ግን ሊቀ ፈተና ሻንጣቸውን ዘግተው ቆመዋል።

«እንግዲህ የመጣሁበት ጉዳይ አለቀ» አሉ፤ ድምፃቸው ቅዝዝ ብሎ። «ወደ ቤቴ ልግባ።»

ልጅቷ ሻንጣውን አየች። የተማረረችበት ያ ጫጫታ ነገ ከቤቱ ሲጠፋ ታሰባት። ግን ምን ብላ ታስቀራቸው?

የበሩን እጀታ ሲጨብጡ፣ ከኋላቸው ደብ!

እናት ናት። የሊቁ እግር ባለበት ቀጥ አለ።

«ለመንጃ ፈቃድም ፈተና አለ አይደል?» አለች ወገቧን ይዛ። «እኔን ማን ሊያስተምረኝ ነው?»

ሊቀ ፈተና ሻንጣውን ቀስ ብለው አስቀመጡ። ዓይናቸውን ጠረግ፣ ጉሮሯቸውንም ጠራረግ አደረጉ።

«እትዬ፣» አሉ፣ «መጀመሪያ ወንበርሽን አስተካክይ።»