ጋሼ ጋቢና

መሪ ሳይጨብጥ የሚነዳ ሰው የሌለበት አገር የለም። ታክሲ ውስጥ ከሾፌሩ ጎን ተቀምጦ ‹‹ቀኝህን ያዝ! ፍሬን! ይሄ ደግሞ ምን ይጠብቃል?›› የሚል፣ እግሩን በሌለ ፍሬን ላይ የሚወጥር፣ ሲወርድም ከሾፌሩ ይልቅ ደክሞት የሚወርድ። እግዜር ለየሾፌሩ አንድ አንድ አድሏል። ለአንዲት የትንሽ አውሮፕላን ፓይለት የደረሷት ሰውዬ ግን ሰማይ ላይ ነበሩ።

ሙያቸው የውሃ ፓምፕ ጥገና ነው። መኪና በማይዘልቅበት ሩቅ ሰፈር ፓምፕ በተበላሸ ቁጥር የመፍቻ ቦርሳቸውን አንጠልጥለው፣ ከስድስት ሰው በላይ በማትጭነው አውሮፕላን ይሳፈራሉ። ፓምፕ የማይበላሽበት ሳምንት ስለሌለ ማክሰኞ ሁሉ የእሳቸው ነው። የኋላው ወንበር በሙሉ ባዶ ቢሆን እንኳ ዞር ብለው አያዩትም። ‹‹እኔ ጋቢና ነኝ›› ይላሉ፣ ስማቸውን እንደሚያስተዋውቅ ሰው። የአየር ማረፊያው ሠራተኛም ስሙን አጸደቀላቸው፤ ጋሼ ጋቢና።

ክቡርነታቸው ቀበቶ ሳያስሩ ሥራ ይጀምራሉ። ጎማውን በጫማቸው ጫፍ መታ መታ አድርገው ይፈትሻሉ። ክንፉን በመዳፋቸው ይዳብሳሉ። ሰማዩን አሻቅበው አይተው ‹‹ዛሬ እንኳ በግራ ብንዞር ይሻላል›› ብለው ይወስናሉ። አውሮፕላኗ ስትነሳ ሁለት እግራቸውን ወለሉ ላይ ተክለው ይገፋሉ። ስታርፍም ‹‹አረፍን›› ይላሉ እንጂ ‹‹አረፈች›› አይሉም። አንድ ቀን ማኮብኮቢያው ላይ ላም ቆማ አይተው ‹‹ሂጅ! ሂጅ!›› ለማለት መስኮቱን ሊከፍቱ ሲታገሉ እጀታውን ነቅለውት ቁጭ አሉ። እጀታውን ራሳቸው መልሰው ገጠሙት፤ እሱንም በነጋታው ‹‹ድሮም የላላ ነበር›› ሲሉ ተሰሙ።

ፓይለቷን ከሁሉ የሚያንገበግባት ግን መለኪያዎቿን መንካታቸው ነው። ከፍታ የሚያሳየውን በጣታቸው አጥንት ኳ ኳ ያደርጉና ‹‹ልጄ፣ መለኪያ አትመኚ። ሠላሳ ዓመት ከግፊት መለኪያ ጋር ኖሬአለሁ። ዓይን ዓይንሽን እያየ ነው የሚዋሽሽ›› ይላሉ።

እሷ ደግሞ ሲነግሯት አትወድም። አባቷ፣ ታላላቅ ወንድሞቿ፣ አስተማሪዎቿ ነግረዋት ነግረዋት ጠግባለች። ፓይለት የሆነችው፣ እውነቱን ለመናገር፣ ጥቂት ሰው የሚደርስበት ወንበር ፈልጋ ነው። እዚያም ጋሼ ጋቢና ጠበቋት።

ያን ማክሰኞ ጭጋጉ አልገፈፍ ብሎ ግማሽ ሰዓት ዘግይታለች፤ ስትመለስ ሌላ በረራ ይጠብቃታል። ወደ ደጋው ማረፊያ ሲቃረቡ የሬዲዮ ሠራተኛው የአካባቢውን የአየር ግፊት ነገራት፤ አንድ ሺህ አንድ። የከፍታ መለኪያው እውነቱን የሚናገረው ይህ ቁጥር በትክክል ሲሞላለት ብቻ ነው። ‹‹አንድ ሺህ አንድ›› ብላ መለሰችለትና እጇን ቁጥሩ ወደሚሞላበት መዘውር ሰደደች።

‹‹ይሄ ጭጋግ አላማረኝም›› አሉ ጋሼ ጋቢና። ‹‹ትንሽ ከፍ ብንል...››

‹‹ጋሼ! እስክናርፍ አንዲት ቃል እንዳልሰማ። አንዲት! አለበለዚያ ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ የሚቀመጡት ኋላ ነው።››

አፏ ይህን ሲል እጇ በራሱ መንገድ ሄደ። መዘውሩን አንድ ሺህ ሃያ አንድ ላይ አቆመችው፤ መለኪያውም ከእውነተኛው ከፍታ ላይ ስድስት መቶ ጫማ ጨምሮ ማሳየት ጀመረ። አላየችውም። ልቧ አጠገቧ ካሉት ሰውዬ ጋር እየተጣላ ነበር።

ጋሼ ጋቢና ዝም አሉ። ዝምታ ለለመደ ሰው ቀላል ነው፤ ለእሳቸው ግን ጉልበት የሚጨርስ ሥራ ሆነባቸው። ከንፈራቸውን ነከሱ፣ እጃቸውን ጭናቸው ሥር ወሸቁት። ትንሽ ቆይተው አንዱን እጅ አውጥተው እንደ ተማሪ አነሱ። እንዳላየች ሆነች። ሁለተኛውንም ጨመሩ።

‹‹ምንድን ነው?››

‹‹መናገር ተፈቅዶልኛል?››

‹‹ይናገሩ!››

‹‹ሌላ ጊዜ በዚህ ሸንተረር ስናልፍ ፍየሎቹ ነጠብጣብ ነበሩ። አሁን ቀንዳቸው ይታየኛል።››

ወደ ታች አየች። በተቀደደው ጭጋግ ውስጥ ፍየሎች ይበታተናሉ፤ የአጥሩ ድንጋይ አንድ በአንድ ይቆጠራል። መለኪያው ግን ከሸንተረሩ በላይ አንድ ሺህ ጫማ ላይ ነሽ ይላታል። ለሞተሩ ሙሉ ጉልበት ሰጥታ የአውሮፕላኗን አፍንጫ ቀና አደረገች። የዛፎቹ ራስ ከመንኮራኩሩ ሥር ተንሸራቶ አለፈ። ነፍሷ መለስ ሲል የሞላችውን ቁጥር አየችው። ወደ ትክክለኛው ስትመልሰው ጠቋሚው ስድስት መቶ ጫማ ወረደ።

አርፈው ሞተር አጠፋች። ጋሼ ጋቢና ቦርሳቸውን ይዘው ወረዱ። አለቀልኝ አለች በልቧ። ስለ አንዲት ላም አንድ ወር ሙሉ ያወሩ ሰው ይህን አግኝተው ሊተዉት?

በር ላይ ትኬት ተቀባዩ ‹‹ጋሼ፣ መንገድ እንዴት ነበር?›› አላቸው።

‹‹ተኝቼ ነበር።››

‹‹እርስዎ? ተኝተው?››

‹‹ሰው አይደለሁም እንዴ!›› ብለው ተቆጥተው አለፉ።

ከኋላ ሆና ሰማች። ቢያወሩባት ይሻላት ነበር። ሦስት ቀን እህል አልወርድ አላት። የሆነውን የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ አንደኛው ደግሞ ተኝቶ ነበር። አርብ ዕለት ግን የኃላፊው ቢሮ ገብታ፣ አፏ ትክክል ብሎ እጇ መሳሳቱን፣ በሰዓቱ ተናዳ እንደነበር ጭምር አንድም ሳታስቀር ተናገረች። ኃላፊው ወረቀት ገፋላት። ‹‹ጻፊው። ነገ ሌላው ሊሳሳተው ይችላል።›› ሁለት ሳምንት ከበረራ ታገደች፤ እንደገና ተፈትና አለፈች።

ስትመለስ ማክሰኞ ነበር። ጋሼ ጋቢና ሰላም ሳይሏት ገብተው ቀበቷቸውን አሰሩ። አኩርፈዋል።

‹‹ምነው ጋሼ? በእኔ ቦታ የነበረው ፓይለት አልተመቸዎትም?››

‹‹የምለውን ሁሉ ‹እሺ› ይለኛል። እሺ! ያስፈራል እንጂ!›› ዞር አሉባት። ‹‹አንቺስ ምን ሆነሽ ነው የነገርሻቸው? በዕድሜዬ አንድ ምስጢር ብጠብቅ፣ እሱንም ራስሽ አወጣሽብኝ!››

ሳቋ አመለጣት። ሬዲዮው የግፊቱን ቁጥር ነገራት፤ መዘውሩን አዞረችና እጇን ከላዩ አነሳች።

‹‹እስቲ ጋሼ፣ የሞላሁትን ያንብቡልኝ።››

መነጽራቸውን አወጡ። ጠረጉ። ኮሌታቸውን አስተካከሉ። አዋጅ እንደሚያነብ ሰው ቁጥሩን ጮክ ብለው አነበቡ፤ ትክክል ነበር። ከዚያ በኋላ እስኪያርፉ ድረስ አንዴም አፋቸውን አልዘጉም። ዝም ይበሉ ያላቸውም የለም።