የሃያ አምስት ማይክሮግራም ሽብር

በአንድ የተከበረ መሥሪያ ቤት፣ ከደረጃው በስተግራ ባለው መዝገብ ክፍል፣ ለዓመታት ሰላም ሰፍኖ ኖረ። የሰላሙ ባለቤት የክፍሉ ሠራተኛ እሜቴ እርጋታ ነበሩ። ስሙን ያወጡላቸው ዋና ኃላፊው ናቸው፤ ሴትዮዋ ፋይል ሊያወጡ ተነሥተው መደርደሪያው ጋ እስኪደርሱ ባለጉዳዩ ተስፋ ቆርጦ ቤቱ ይገባ ነበርና።

"ሠራተኛ ማለት እኚህ ናቸው!" ይሉ ነበር ኃላፊው በየስብሰባው። "አይጠይቁ፣ አይከራከሩ! የቸኮለ አፍሶ ለቀመ!"

የምስጋና ወረቀትም ሰጧቸው። እሜቴ ሲቀበሉ መድረኩ ላይ እንቅልፍ ሸለብ አደረጋቸው፤ ቃለ ጉባኤው "በጥልቅ ስሜት ተውጠው" ብሎ መዘገበው።

እሜቴ ግን ታመው ነበር። ፊታቸው አብጧል፣ ድምፃቸው ሻክሯል፤ ሰው በሸሚዝ ሲውል እሳቸው ሁለት ሹራብ ደርበው ይንዘፈዘፋሉ። አንድ ቀን የልጃቸው ስም ጠፋባቸውና ቁጭ ብለው አለቀሱ። ልጅቱ ክንዳቸውን ይዛ ሐኪም ዘንድ ወሰደቻቸው።

ሐኪሟ የደም ምርመራውን አየችና፣ "የእንቅርት እጢዎ ሰንፏል። የሆርሞን መድኃኒት ታዞልዎት የለም እንዴ?" አለች።

"ኧረ አንድም ቀን አላቋረጥኩ! ጠዋት ጠዋት ከሻይና ከዳቦ ጋር እውጣለሁ።"

"በሉ ከእንግዲህ በባዶ ሆድ፣ በውሃ ብቻ። ቁርሱ ከአንድ ሰዓት በኋላ ይደርሳል።"

ከሁለት ወር በኋላ ደማቸው እንደገና ተመረመረ። መሻሻል አለ፣ ግን አልበቃም። ሐኪሟ ሃያ አምስት ማይክሮግራም ጨመረችላቸው።

ሳምንታት አለፉ። ከዚያም በመሥሪያ ቤቱ ታሪክ ታይቶ የማያውቅ አደጋ ደረሰ፦ እሜቴ ነቁ።

መጀመሪያ ሹራባቸውን አወለቁ። ቀጥለው ሁለት ዓመት የተከመረ ማመልከቻ ጨረሱ። በመጨረሻም ኃላፊው ቢሮ ዘው አሉ።

"ጌታዬ፣ ይቺ ደብዳቤ ፊርማዎን ስትጠብቅ ዓመት ከአራት ወሯ።"

"ይጠና ብዬ ነው።"

"ማን ያጥናው?"

"ኮሚቴው።"

"የኮሚቴው ሰብሳቢ እርስዎ አይደሉ?"

ኃላፊው ውሃ ጠጡ።

ጉዳዩ በአንድ ቀን ያለቀለት ባለጉዳይ ደንግጦ "የተሳሳተ ቢሮ ገብቼ ይሆን?" ይል ጀመር። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ እንዲሉ፣ ያለቀለት ሁሉ ዘመዱን አስከትሎ መጣ። ሠራተኞች በሥራ ሰዓት ሥራ ላይ የሚገኙበት አሳዛኝ ሁኔታ ተፈጠረ።

ኃላፊው የመድኃኒቱን ነገር ከሰው ሰምተው እሜቴን ለብቻቸው ጠሩ።

"እህቴ፣ ለጤናዎ አስቤ ነው። መድኃኒቱን እንደ ድሮው ከሻይ ጋር ቢያደርጉትስ?"

"ጌታዬ፣ የልጄን ስም ዳግመኛ አልረሳም" አሉ እሜቴ፣ ወደ ፋይላቸውም ተመለሱ።

አስቸኳይ ስብሰባ ተጠርቶ ሦስት ቀን ፈጀ። ለሐኪሟም ደብዳቤ ተጻፈ፦ "በባልደረባችን ላይ የታየው ከልክ ያለፈ ትጋት፣ የቀሩት ሠላሳ አንድ ሠራተኞች ለዘመናት ያዳበሩትን የዝግታ፣ የድካምና የመርሳት መደበኛ አሠራር እያወከ በመሆኑ፣ መድኃኒቱ እንዲቀነስ በትሕትና እንጠይቃለን።"

መልሱ ፈጥኖ መጣ፦ "የወይዘሮዋ መጠን ትክክል ነው፤ አይነካም። የሠላሳ አንዱ ነገር ግን አሳስቦኛል፤ ሁሉም ይመርመሩ።"

መሥሪያ ቤቱ በእልልታ ተናጋ። በሽታ ከሆነማ ማን ይወቅሳቸዋል? የሕመም ፈቃድም አለው! ኃላፊው አንገታቸውን እየዳበሱ፣ "እኔማ ድሮም ጠርጥሬ ነበር" አሉ። በምርመራው ዕለት አንድ ሰው እንኳ አላረፈደም።

በሳምንቱ ውጤቱ ደረሰ። ኃላፊው ሠራተኛውን ሰብስበው ፖስታውን ቀደዱ፤ ጉሮሯቸውን ጠርገው በግርማ ማንበብ ጀመሩ፤ እያነበቡም ድምፃቸው እየሰለለ ሄደ።

"ሠላሳ አንዱም ፍጹም ጤነኞች ናቸው። ላለባቸው ነገር የሚታዘዝ መድኃኒት የለም።"